ምርኩዝ ቆጥሬ ሰው የጎደለብኝ ዓርብ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ረሖቮት ከተማ ክፋር ግቢሮል ሰፈር ያለው ጎረቤቴ፣ ለመሆኑ ሥራህ ምን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ኖረን ገና ያን ቀን መጠየቁ ነው። ከሰው ኋላ እሄድ ነበር አልኩት። ሳቀብኝ። ለመሄድም ይከፈላል እንዴ አለ። ይከፈላል። ብዙ ባይሆንም ይከፈላል፤ ጡረታውም ወር በገባ በቀኑ ይደርሰኛል፤ በዚህ በኩል ማንንም አላማም። ያናደደኝ ሳቁ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እሱ አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ግድ የለም፣ የሚያነብ አይጠፋም።

እዚህ አገር ሰው በቡድን ሆኖ በጫካ በእግሩ ሲንሸራሸር ከፊት መሪ፣ ከኋላ ደግሞ መአሴፍ ይኖራል። መአሴፍ ማለት በዕብራይስጥ ሰብሳቢ ማለት ነው። ከሁሉ በኋላ ይሄዳል። ከእሱ ኋላ ሰው መኖር የለበትም፤ ከተገኘ ጥፋቱ የእሱ ነው። ሕጉ ይኸው ብቻ ነው፤ ለመናገር ይቀላል። መሪው ታሪክ ያወራል፣ አበባ ያሳያል፤ ሲመለሱ የሚጨበጨበውም ለእሱ ነው። መአሴፉ የወደቀ ኮፍያ ያነሳል፣ የላላ ቦርሳ ያጠብቃል፣ የደከመውን ሰው እንዳልደከመው አድርጎ ያመጣል። እኔ ይህ ነበርኩ።

ከወገራ ወጥቼ፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ዓመት ያህል ስጠባበቅ ቆይቼ፣ በፈረንጆቹ 1991 ወገኖቻችንን ባመጣው አውሮፕላን ነው የመጣሁት። አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ረሖቮት እንደገባን መጀመሪያ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ሠራሁ፤ ቀጥሎ አንድ ሥራ ተቋራጭ ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደው ኮረብታ ላይ የጥድ ጫካ ለማሳሳት ቀጠረኝ። ዛፍ መቁረጥ አይከፋም፤ ዛፍ አያመናጭቅም። አንድ ቀን ቅርንጫፍ ስመለምል አንዲት ሴትዮ እያለቀሰች መጣች። ከቡድኗ ተለይታ ጠፍታለች። ዕብራይስጤ ያን ጊዜም የሕፃን ዓይነት ነበር፤ ዝም ብዬ ቦርሳዋን ተሸክሜ፣ የተረገጠውን ሣር እያየሁ ወሰድኳት። መንገድ ላይ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ወደ እኛ እየሮጠ ሲመጣ አገኘነው። አላመሰገነኝም። በየት እንደሄድን በምን አወቅህ አለኝ። ሃያ ሰው የረገጠው ሣር ለማንም ይታወቃል አልኩት። እሑድ ረሖቮት፣ የእግር ጉዞ ድርጅታችን ቢሮ ና አለኝ። ሄድኩ፤ መአሴፍ አድርገው ቀጠሩኝ።

ይህ ሰው ሩበን ነው፤ በልጅነቱ ከሩማንያ የመጣ፣ ዕድሜውን በመሪነት የጨረሰ። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እለው ነበር። ሩበን ብዙ አያስተምርም፤ ይሠራል፣ አንተ ታያለህ። ሰው ወደ አውቶቡስ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ፊት ሳይሆን ጫማ ያያል። ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላ ጫማ ካየ የባለቤቱን ስም ይይዛል፤ ከሰዓት በኋላ ጉልበቱን የሚያመው ያ ሰው ነውና። መንገድ በተከፈለ ቁጥር ዞሮ የመጣንበትን ያያል፤ የሄዱበት መንገድ ሲመለሱበት ሌላ ፊት አለው ይል ነበር። ምሳው ዳቦና ጥሬ ሽንኩርት ነው፤ ቆሞ ይበላል። ደካማ ከፊት፣ ጉልበተኛ ከኋላ የሚለውም የእሱ ነው። ደካማውን ከኋላ ካስቀመጥከው ሰው ሁሉ ካረፈ በኋላ ይደርሳል፤ እሱ ሲደርስ ሁሉም ይነሳል፤ ሳያርፍ ይውላል። ያን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ከዚህ የተሻለ ምክር አልሰማሁም።

ድካምን ማወቅ ደግሞ የእኔ ሞያ ሆነ። የደከመ ሰው መጀመሪያ ወሬ ያቆማል። ቀጥሎ እግሩን እግሩን ያያል። ከዚያ ያልተፈታ የጫማ ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር ይጀምራል። እዚህ ላይ ካልደረስክለት ቀጥሎ ቁጣ ነው የሚመጣው፤ በመንገዱ፣ በፀሐዩ፣ በሚስቱ ይቆጣል። ከአገር ቤት የመጡት የእኛ ሽማግሌዎች ግን ሌላ ናቸው። ደከመዎት ወይ ብትላቸው፣ ኧረ ምንም አልል ይሉሃል፤ እየወደቁም ምንም አልል ነው። ስለዚህ የሚደክመኝ እኔ ነበርኩ። ወገቤን ይዤ፣ እማማ፣ ለእኔ ሲሉ ትንሽ እንረፍ እላለሁ። አይ የዛሬ ልጅ እያሉ፣ እያዘኑልኝ ይቀመጣሉ። ስድሳ ዓመት አልፎኝ ልጅ የሚሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ከሩበን ጋር የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቆጠራ። እሱ ከእያንዳንዱ ዕረፍት ስንነሳ መካከል ቆሞ ጣቱን እየቀሰረ ሰው ይቆጥራል። እኔ ይህን ሳይ ሰውነቴን ይወረኝ ነበር። እኛ ቤት ሰው አይቆጠርም። ከብት ይቆጠራል፣ እህል ይሰፈራል፤ ሰው ግን የእግዜር ነው፤ ከተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። እናቴ ስንት ልጆች አሉሽ ሲሏት፣ እሱ የሰጠኝን ያህል ትል ነበር እንጂ ቁጥር ከአፏ አይወጣም። እዚህ ያሉት ሃይማኖተኞችም ቢሆኑ ለጸሎት የሚያስፈልገው አሥር ሰው መሙላቱን ለማወቅ ሰው አይቆጥሩም፤ አሥር ቃል ያለው ጥቅስ እያነበቡ ለየሰዉ አንድ አንድ ቃል ነው የሚሰጡት። ሩበን ግን ከሃይማኖት ጋር ብዙም አልነበረም።

መጨረሻ ላይ መላ ፈጠርኩ። ጠዋት ለሁሉም ምርኩዝ አድላለሁ። ዕረፍት ላይ ሁሉም ምርኩዙን አንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ ላይ ያስደግፋል፤ እኔ ምርኩዙን እቆጥራለሁ። ምርኩዝ ከሞላ ሰው ሞልቷል። ሩበን ይህን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ምርኩዝ አይደክመውም፤ አይጠፋም፤ ሽንቱም አይመጣበትም። ሰውየውን ቁጠር» አለኝ።

እሺ አልኩት፤ ምርኩዝ መቁጠሬን ግን አልተውኩም። አሥራ ሦስት ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። በመካከሉ ሩበን ጡረታ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ሞተ። ቀብሩ ላይ ተረከዙ ያልተበላ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። በእሱ ቦታ የመጣው መሪ ኦፊር ይባላል፤ ከጦር ሠራዊት የወጣ ወጣት፣ ጥሩ ልጅ፣ ጥፋቱ ችኮላው ነው። አለቃችን ዳሊያ ነበረች። ነስ ጺዮና ከምትባለው አጎራባች ከተማ በብስክሌት የምትመጣ፣ ቃሏ አጭር፣ ደመወዝ ግን አንድ ቀን አሳልፋ የማታውቅ ሴት ናት።

በፈረንጆቹ 2015 ድርጅታችን ሰው ይዞ ውጭ አገር መሄድ ጀመረ። የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ፊንላንድ፣ ወደ ሐይቆቹ አገር ነበር። አንድ ማረፊያ ቤት እያደሩ በየቀኑ ጠዋት ወጥቶ ጫካ ለጫካ ሄዶ ማታ መመለስ ነው። ስንት ሰው እንደተመዘገበ አልናገርም፤ ምርኩዙ ሃያ ሁለት ነበር። ከተመዘገቡት አራቱ የእኛ የሽማግሌዎች ክበብ ሰዎች ናቸው። እንዲገቡ ዳሊያን የለመንኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አልፈለገችም፤ ዕብራይስጥ አይሰሙም፣ መሪው የሚለውን አይከተሉም አለች። ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን አልኳት። ልጆቻቸው ተረባርበው ከፈሉላቸው። ልጅ አሳድገው፣ የሰው ወለል ጠርገው፣ ጉልበታቸውን ከጨረሱ በኋላ ለደስታ ብቻ ብለው የሚሄዱበት የመጀመሪያ መንገዳቸው ነበር።

ከአራቱ አንዷ እማማ ትርንጎ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቂርያት ዔቅሮን ከልጃቸው ከሚካል ጋር ይኖራሉ። ዝምተኛ ናቸው። ጓደኛቸው እማማ ወርቄ ደግሞ የሁለቱንም ድርሻ ያወራሉ።

አገሩ እንዲህ ነው፤ ውሃና ዛፍ፣ ዛፍና ውሃ። ተራራ የሚባል የለም። ኦፊር በካርታ እያሳየ፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት አገር የሚያክል በረዶ በላዩ ተኝቶበት እንደነበር፣ እየተንፏቀቀ ሲሄድ መሬቱን እንደቦረቦረውና የቦረቦረው ሁሉ ሐይቅ እንደሆነ ነገረን። እኔ ተረጎምኩ። እማማ ወርቄ ሰምተው፣ በረዶ ካረሰው ታዲያ ማን ዘራበት ብለው ጠየቁ። ጥዱንና ነጭ ልጥ ያለውን ዛፍ እያሳየሁ፣ ይኸው እንግዲህ አልኳቸው። ጫካው መካከል ቤት የሚያክል ድንጋይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ታያለህ፤ በረዶው ተሸክሞ አምጥቶ የጣለው ነው። በሁለት ሐይቅ መካከል ደግሞ እንደ በሬ ጀርባ የረዘመ የአሸዋና የጠጠር ሸንተረር አለ፤ በበረዶው ሥር ይሄድ የነበረ ወንዝ ትቶት የሄደ ነው አሉ። የእግር መንገዱ በዚያ ሸንተረር ላይ ነው። አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል፤ በግራም በቀኝም ቁልቁል ውሃ ነው። መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ጉልበት አያሳምም። ትንኙ ግን ምሕረት የለውም።

ወሩ ሰኔ ስለነበር ፀሐይዋ ማታ አምስት ሰዓት ድረስ አትጠልቅም። ሃይማኖተኞቹ ሰንበት መቼ ይግባ እያሉ ከኦፊር ጋር ሲከራከሩ ሰነበቱ። መጨረሻ በጊዜ እንቀበላለን ተባለ፤ ስለዚህ የዓርቡ መንገድ አጭር እንዲሆን፣ በጊዜም ተመልሰን እንድንታጠብና እንድንዘጋጅ ተወሰነ።

ሐሙስ ማታ እማማ ትርንጎ አጠገቤ መጥተው፣ ነገ ዓርብ ነው አይደል አሉኝ። ነው አልኳቸው። ቀጥለው፣ ይህ ውሃ ሁሉ የቆመ ነው ወይስ የሚሄድም አለበት ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሞኙ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ ነገ በምንሄድበት መንገድ ትንሽ የእንጨት ድልድይ እንዳለ፣ በሥሩ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ውሃ እየወረደ እንደሚያልፍ በዝርዝር ነገርኳቸው። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ሄዱ። ከወገራ የወጣሁ ሰው፣ ዓርብ ምን እንደሆነ የማውቅ ሰው፣ ይህን ሰምቼ አንድም ነገር አላሰብኩም።

አገራችን ሳለን ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ መንደሩ በሙሉ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዱ በወንዱ በኩል፣ ሴቷ በሴቷ በኩል። ውሃ ሳይገቡ ሰንበትን መቀበል የለም። ውሃውም የሚሄድ ውሃ መሆን አለበት። ረሖቮት ከገባን ወዲህ ሁሉም በየቤቱ ከቧንቧ ይታጠባል፤ ወጣቶቹ የዚህን ወግ መኖርም አያውቁም። እማማ ትርንጎ ግን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዓርብ በመጣ ቁጥር ወንዙ ይናፍቃቸው ኖሯል። እኔ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ዓርብ ጠዋት ወጣን። በሩበን ደንብ ሽማግሌዎቹን ከፊት፣ ከኦፊር ቀጥሎ አደረግኳቸው። ድልድዩን ተሻግረን አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ለምሳ አረፍን። ሰው በየዛፉ ሥር ተበተነ፤ ምርኩዙ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተደገፈ። ኦፊር ሰዓቱን እያየ ያላ ያላ፣ ቶሎ በሉ ይላል፤ ሰንበት ይደርስብናል ይላል። ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት። ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ ሞልቷል ብዬ በእጅ ሬዲዮዬ ነገርኩት፤ ተነሳን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኛም ሮጠን ነው የታጠቅነው። ሽማግሌዎቹ ከፊት ስለነበሩ ከኋላ ሆኜ አላያቸውም፤ ኦፊርም በችኮላው ዞር ብሎ አላየም። መንገዱ ጠማማ፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ። እኔ የማየው ከፊቴ ያለውን አንድ ጀርባ ብቻ ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል ሄደን አውቶቡሱ ጋ ደረስን። ምርኩዙን እየተቀበልኩ ሳስር እማማ ወርቄ በአንድ እጃቸው ሁለት ምርኩዝ ይዘው ቆመው አየሁ። ወሬ የማያጡት ሴትዮ ዝም ብለዋል። እማማ ትርንጎስ አልኳቸው። ትመጣለች አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። ከየት ነው የሚመጡት ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለሰንበት ነው» አሉኝ።

ያኔ ሁሉ ነገር ገባኝ። ምሳ ላይ እማማ ትርንጎ ምርኩዛቸውን ለጓደኛቸው ሰጥተው፣ ያዥልኝ፣ ለማንም አትንገሪ ብለው ወደ ድልድዩ ተመልሰዋል። ለእኔ ለወንዱ ገላዬን ልታጠብ ነው ብሎ መናገር እንዴት ይሆናል። እማማ ወርቄም ጓደኛቸውን ላለማሳፈር ሁለቱንም ምርኩዝ ድንጋዩ ላይ አስደገፉ። እኛ ስንነሳም፣ ትደርስብናለች ብለው አፋቸውን ይዘው ሄዱ። ይሉኝታ ነው። እኔ ደግሞ ሰው እንዳይጎድል ብዬ ሰው ሳልቆጥር እንጨት ቆጥሬ፣ ሰው አጎደልኩ።

ኦፊር ፊቱ ነጭ ሆነ። ወዲያው ለአካባቢው ነፍስ አድን ሰዎች ደወለ። እኔ አልጠበቅኩም፤ ተመልሼ ሄድኩ። ስድሳ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ጉልበቴም ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ታመኝ ነበር። ሮጥኩ ብል ውሸት ነው፤ ሮጥ ሮጥ እያልኩ ደረስኩ። ያ ሁሉ ሐይቅ አንድ ይመስላል፤ ያ ሁሉ ዛፍ አንድ ይመስላል። መንገድ ላይ እግዜር ሆይ፣ ሥራዬን ውሰደው፣ እሳቸውን መልስልኝ ብዬ ለመንኩ። ምሳ የበላንበት ቦታ ስደርስ ቢጫ ልብስ የለበሱ ሰዎች ሐይቁ ዳር የእማማ ትርንጎን ስም እያጣመሙ ይጣራሉ፤ አንዱ በጀልባ ውሃውን ያያል። እኔ ግን አልቆምኩም። ሐይቅ የቆመ ውሃ ነው። እማማ ትርንጎ ወደ ቆመ ውሃ አይወርዱም።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከሥሩ ውሃው እየተንኳለለ ይወርዳል። ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ተጣራሁ። እማማ ትርንጎ፣ እኔ አያሌው ነኝ፣ ፊቴን አዙሬያለሁ አልኩ። ከዚያ ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ «ዙር፤ ለብሻለሁ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣ ከመንገዱ በማይታይ ሥርቻ ውስጥ አንድ የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጠላቸው ረጥቧል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ከውሃው ሲወጡ ድንጋይ አንሸራቷቸው ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ጃኬቴን ደረብኩላቸው፤ ካልሲዬን አውልቄ አጠለቅኩላቸው። ለምን አልተጣሩም አልኳቸው።

«ድምፃችሁን እሰማ ነበር» አሉኝ። «ስትነሱም ሰምቻለሁ፤ ውሃ ድምፅ ያመጣል። ራቁቴን ወድቄ ማንን ልጥራ?»

ከዚያ እጄን ያዙኝ። የሆነውን ለልጆቼ አትንገር፣ ለማንም አትንገር አሉ። በስተርጅናዋ በፈረንጅ ጫካ ራቁቷን ተገኘች ከምባል እዚሁ ብቀር ይሻለኝ ነበር አሉ። በኦሪት ማልኩላቸው። ከዚያ አዝያቸው ወደ ድልድዩ ወጣሁ፤ ቢጫ ለባሾቹ ቃሬዛ ይዘው ደረሱልን።

ቁርጭምጭሚታቸው ተሰንጥቆ ተገኘ። ብርዱ ደግሞ ሳንባቸው ገብቶ ሳምንት ሆስፒታል አስተኛቸው። ሚካል በማግስቱ ማታ በረራ አግኝታ መጣች፤ ሰላምም አላለችኝም፤ አልፈርድባትም። እማማ ትርንጎ እስከ ዛሬ በዚያ እግራቸው ትንሽ ያነክሳሉ። ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ሌላ ባለቤት የለውም።

ኦፊር ቡድኑን ይዞ ወደ አገር ከመመለሱ በፊት ሪፖርት መጻፍ ነበረበት። አሮጊቷ ያለ ፈቃድ ከቡድኑ ተለይተው ሄዱ ብዬ እጽፋለሁ፣ እውነት ነው፣ አንተም ምንም አትሆንም አለኝ። ልጁ ለእኔ አስቦ ነው። እኔ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ታየኝ። ለምን ተለዩ፣ ወዴት ሄዱ መባሉ አይቀርም። ዳሊያም፣ አላልኩህም ወይ፣ የእናንተ ሽማግሌዎች አይሰሙም ትላለች፤ ከዚያ በኋላ አንዳቸውንም አትወስድም። ሚካልም እናቷን ከደጅ አታስወጣም። ስለዚህ፣ መአሴፉ ሰው ሳይቆጥር ተነሳ ብለህ ጻፍ አልኩት። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ያን ሥራ ካጣሁ በዚያ ዕድሜ የሚቀጥረኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፤ ጠዋትም ያው ሆነ።

ረሖቮት ተመልሰን ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳሊያ ቢሮ ጠራችን። እኔና ኦፊር በአንድ በኩል፣ ሚካል በሌላ በኩል ተቀመጥን። እማማ ትርንጎ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ በሁለት ክራንች ተደግፈው፣ ነጭ ለብሰው መጡ፤ ልጃቸው ወንበር ሳበችላቸው። ንግግሩ በዕብራይስጥ ነው። ሚካል፣ እናቴን ጫካ ውስጥ ጥሏት ሄደ፣ ይህ ሰው ከእንግዲህ የማንም እናት ኃላፊነት ሊሰጠው አይገባም አለች። ዳሊያ እኔን አየች። ልክ ነች አልኩ፤ ምርኩዝ ቆጥሬ ሰው አልቆጠርኩም። ሴትየዋ ለምን ከሰው ተለዩ አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ኦፊር ጠረጴዛውን ጠረጴዛውን ያያል። ዳሊያ መነጽሯን አውልቃ፣ እንግዲህ አያሌው፣ እያዘንኩ ነው አለች፤ የቀረውን መገመት አያቅትም።

እማማ ትርንጎ ወደ እኔ ዞረው፣ ምን እያሉ ነው አሉኝ። ጤናዎን እየጠየቁ ነው አልኳቸው። እኔን ልታታልል ነው የሚል አስተያየት አዩኝ። ልጃቸውን ቃል በቃል ንገሪኝ አሏት፤ ሚካል ነገረቻቸው። ከዚያ፣ የሰንበት ውሃ ልገባ ወርጄ፣ ራቁቴን ሆኜ ነው የቀረሁት ብለሽ ንገሪያቸው አሏት። ሚካል ፊቷ ቀላ። አይ እማዬ፣ አያስፈልግም አለች። ንገሪ አሏት። አልተናገረችም።

እማማ ትርንጎ ክራንቹን ይዘው ተነሱ። ሃያ አራት ዓመት ሲኖሩ ከለመዷት ዕብራይስጥ ሦስት ቃል መረጡ፤ ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ አድርገው ለዳሊያ ተናገሩ።

«አኒ። ማይም። ሻባት።»

እኔ፣ ውሃ፣ ሰንበት ማለታቸው ነው። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፋ አድርገው፣ ያለዚህ ማለታቸው እንደሆነ በእጃቸው አሳዩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንዶች ነበርን፤ አንዱ በዕድሜው የልጅ ልጃቸውን ያህላል። ለእኔ ለአንዱ ሊናገሩት ያፈሩትን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመው ተናገሩት። ሚካል ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም የቀረውን ለዳሊያ ተረጎመችላት። እናቷ ዓርብ ዓርብ ወንዝ ይወርዱ እንደነበር እሷም ያን ቀን መስማቷ ነው።

ዳሊያ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ሥራህን ቀጥል፣ ግን ምርኩዝ የሚባል ነገር ከእጅህ እንዳላይ አለችኝ። ሁለቱን ዓመት ሠርቼ ጨረስኩ። ጣቴን ቀስሬ መቁጠር እስከ መጨረሻው አልሆነልኝም፤ ስለዚህ በየዕረፍቱ ሰውን በየስሙ እጠራ ነበር፤ የተጠራውም አቤት ሳይለኝ፣ ዓይኑንም ሳላየው ንቅንቅ አልልም ነበር። ጊዜ ይወስዳል። የሚያጉረመርምም ነበር፤ ያጉረምርም። ሽማግሌዎቻችንም ተመልሰው መጡ። ወደ ዮርዳኖስ ምንጮች በሄድን ቀን ሴቶቹ በአንድ በኩል ወርደው እስኪወጡ ድረስ አውቶቡሱን አስቁሜ ጠብቄያለሁ።

ያን ቀን ግን ከቢሮው ስንወጣ ሚካል መኪናዋን ልታመጣ ቀድማ ወረደች፤ ደረጃው ላይ እኔና እማማ ትርንጎ ቀረን። ክንዴን ብሰጣቸው እምቢ ብለው ብረቱን ይዘው ይወርዳሉ። እኔ ግን ነገሩ አንጀቴን በልቶታል። ምን ነካዎት እማማ፣ ምንም ብሆን ልናገር አልነበረም እኮ፣ በኦሪት ምዬልዎታለሁ አልኳቸው።

አንድ ደረጃ ወረዱ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«የማልከው አንተ ነህ» አሉኝ፤ «እኔ መች ማልኩ?»